የአባቴን ደብተሮች ላቃጥል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ከጅማ ናቸው፣ ሦስቱም በአንድም በሌላም የድሮ ወረቀት ጉዳይ ስለሆኑ አብረን አወጣናቸው። የአየርላንዱ ታሪክ ላይ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ የአገራችን በኛው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር ስለ ሰሜን አየርላንድ የሲቪል መብት ንቅናቄ ስራ ተባልኩና ስፈላልግ ኬቨን ቦይል ሚባል የሕግ ሰው ወረቀቶች ጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ በወግ በወጉ ተቀምጠው አገኘሁ። ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። ይሄ ግጭት የካቶሊክና የፕሮቴስታንት የሃይማኖት ጠብ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው? ደሞስ ታሪኩ በመጽሐፍ ተጽፎ አልቆ የለም እንዴ፣ የአንድ ሰው ደብዳቤና ረቂቅ ማስቀመጥ ምን ይሰራል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሥላሴ ትምህርት ተጣልቶ ድንጋይ የተወራወረ የለም እዛ። አየርላንድ በ1921 ስትከፈል ሰሜኑ ከብሪታንያ ጋር ቀረ፣ እዛ በቁጥር የሚበዛው ፕሮቴስታንት በአብዛኛው ከብሪታንያ አንለይም ባይ ነው፣ ካቶሊኩ በአብዛኛው አንድ አየርላንድ ባይ፣ ሥልጣኑ ደሞ እስከ 1972 ድረስ ሳይቀያየር በአንለይም ባዮቹ ፓርቲ እጅ ነበር። ነገሩ በደንብ ሚገባህ ግን ቤት ላይ ስትመጣ ነው። ያኔ ለአካባቢ ምክር ቤት ድምጽ መስጠት ሚችለው የቤት ግብር ሚከፍለውና የትዳር ጓደኛው ብቻ ነው፣ እናትና አባቱ ጋ ሚኖር የሰላሳ ዓመት ጎረምሳ፣ ተዳብሎ ሚኖር ተከራይ፣ እነዚ ድምጽ የላቸውም፣ ድርጅት ያለው ሰው ግን ተጨማሪ ድምጽ አለው። የመንግስት ቤት ሚያድለው ደሞ ያው ምክር ቤቱ ነው። እና ለካቶሊክ ቤት ሰጠህ ማለት ድምጽ ሰጠህ ማለት ነው፣ ስለዚ ወይ አይሰጡም ወይ ሁሉንም አንድ ምርጫ ክልል ውስጥ አጉረው ይሰጣሉ። ደሪ ከተማን ብታይ ካቶሊኩ በቁጥር ይበልጣል፣ ምክር ቤቱ ግን 12 ለ8 በሌላኛው ወገን እጅ ነበር፣ የምርጫ ክልሉ መስመር ሆን ተብሎ እንደዛ ስለተሰመረ።

ሴሚናርህ ላይ እንዳትዘላት ምልህ ነገር አለች። ዳንጋነን ሚባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ኮን ማክላስኪ ሚባል ሐኪምና ባለቤቱ ፓትሪሺያ በ1964 የማህበራዊ ፍትህ ዘመቻ ሚባል ነገር ጀመሩ፣ ስራቸው መቁጠር ነበር። ማን ቤት አገኘ፣ ማን የት ተቀጠረ፣ ከየትኛው ወገን ነው፣ ይሄን በየምክር ቤቱ እየለቀሙ በትንንሽ ጽሑፍ አሳትመው ለንደን ላሉ የፓርላማ አባላት መላክ። ደረቅ ስራ ነው፣ ማንም ለሱ አያጨበጭብም። የሲቪል መብት ማህበሩ የተቋቋመው በ1967 ነው፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1968 ደሪ ላይ ሰልፈኛው በፖሊስ ዱላ ሲቀጠቀጥ በቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሁሉ ስለ ሰሜን አየርላንድ ማውራት ጀመረ፣ ግን እነ ማክላስኪ ያን ጊዜ አራት ዓመት ሙሉ ቁጥር ሲሰበስቡ ቆይተዋል።

ቦይል ራሱ በ1943 ኒውሪ የተወለደ፣ ቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፣ በተማሪዎቹ ንቅናቄም በሲቪል መብት ማህበሩም ውስጥ ነበረ፣ በ1978 ወደ ጎልዌይ ሄደ፣ በኋላ ኤሴክስ አስተማረ፣ በቱርክ መንደራቸው የተቃጠለባቸውን ኩርዶች ጉዳይ ከባልደረቦቹ ጋር ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ወስዶ በ1996 ከረቱት አንዱን መዝገብ አይተሃል መሰለኝ፣ ካላየህ እየው። በ2010 አረፈ።

ወረቀቱ ምን ይሰራል ላልከው፣ መጽሐፍ የሚነግርህ በመጨረሻ የተወሰነውን ውሳኔ ነው፣ ወረቀቱ ደሞ ከመወሰኑ በፊት ማን ምን እንዳለ ያሳይሃል። ጃንዋሪ 1969 ተማሪዎቹ ከቤልፋስት ደሪ በእግር እንሂድ ሲሉ ከነባሮቹ ታጋዮች ብዙዎቹ ይቅርባችሁ ብለዋቸው ነበር፣ እነሱ ሄዱ፣ በአራተኛው ቀን በርንቶሌት ድልድይ ላይ ተደበደቡ። መንገዱ ልክ ነበር አልነበረም ዛሬም ሰው ይከራከራል፣ እና ይሄን ክርክር ምታገኘው በቃለ ጉባኤ፣ በተሰረዘ ረቂቅ፣ ተጽፎ ባልተላከ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ንግግሮቹን ተዋቸው፣ ንግግር ሁሌም አሸናፊ ነው። ጅማ ቁጭ ብለህ ለማንበብ የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ኬይን ሚባለው ዲጂታል ስብስብ በነጻ ነው፣ የሁለቱንም ወገን ጽሑፍ ይዟል፣ የአንዱን ብቻ አንብበህ እንዳትጽፍ።

ጥያቄ፦ እንደምን ናችሁ። ምኖረው ቆጪ ነው። አባቴ መምህር ነበር፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። በሱ ጊዜ የሰፈራችን ሰው በሃይማኖትና በፖለቲካ ተከፋፍሎ ሲናቆር አባቴ የአንድ የሰብአዊ መብት ማህበር በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ቤት ለቤት እየዞረ ማን ተመታ፣ ማን ታሰረ፣ የማን ሱቅ ተዘረፈ እያለ በደብተር ይመዘግብ ነበር። የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም እኩል ይጽፋል፣ በዚ የተነሳ የራሳችን ሰዎች ሳይቀሩ ሰላም አይሉትም ነበር። አሁን ደብተሮቹም ደብዳቤዎቹም፣ ሦስት ካሴትም አለ፣ ሁሉም በቡና ጆንያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ነው። ወንድሜ አቃጥዪው ይላል ነገ ጣጣ ያመጣብናል ብሎ። አክስቴ ደሞ ስለ ባሏ የተጻፈበትን ገጽ ቀደሽ ስጪኝ አለችኝ። የወንድሜ ልጅ ደሞ በቴሌግራም እንልቀቀውና ህዝብ ይፍረድ ይላል። እኔ ለሚመለከተው ቦታ ባስረክብ ደስ ይለኛል ግን ፈራሁ፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ወንድምሽን አትቆጪው፣ ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም፣ እዚ አገር በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው ደብዳቤና መጽሐፉን ሌሊት ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሯል፣ ምድጃ ውስጥ ከቷል፣ የወረቀት ፍርሃት ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ግን አታቃጥዪ፣ አትቅደጂ፣ ቴሌግራም ላይም አትልቀቂ። ለምን እንደምልሽ ከላይ ልጁ በጠየቀው በአየርላንዱ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም እነሱ አባትሽ ያረገውን በትልቁ አርገውታል።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1972 የሲቪል መብት ማህበሩ ደሪ ላይ ሰልፍ ጠራ፣ ያለ ፍርድ መታሰር ይቁም ብሎ። የብሪታንያ ፓራሹት ወታደሮች ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፣ ከቆሰሉት አንዱም በኋላ ሞተ። ከዛ በኋላ ባሉት ቀናት የማህበሩ በጎ ፈቃደኞች ያየ የሰማ ሰው እየጠየቁ በመቶዎች ሚቆጠር የምስክር ቃል ጻፉ፣ ልክ እንዳባትሽ፣ ስም፣ የት ቆመህ ነበር፣ ምን አየህ። መንግስት ያቋቋመው የዳኛ ዊጀሪ ምርመራ ከነዚ ውስጥ ከሞላ ጎደል ምንም ሳይጠቀም ሚያዝያ ላይ አለቀና ወታደሮቹን ባብዛኛው ነጻ አወጣ። በቃ፣ ወረቀቱ ተቀመጠ። ሃያ አምስት ዓመት። በ1990ዎቹ እነዛ ቃሎች እንደገና ወጥተው ሲታተሙ የሟች ቤተሰቦች ሲጮሁበት ለነበረው ጥያቄ ጉልበት ሆኑ፣ በ1998 ሌላ ምርመራ በሎርድ ሳቪል ሰብሳቢነት ተቋቋመ፣ አስራ ሁለት ዓመት ፈጀ፣ ጁን 15 ቀን 2010 ሪፖርቱ ሲወጣ ከተገደሉት አንዳቸውም ለወታደሩ አስጊ ሆነው እንዳልተተኮሱ ተጻፈ፣ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮንም ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። በ1972 ማን ነበር ይሄ ደብተር ለምን ይጠቅማል ብሎ ሚያስብ? ብዙ ሰው ያኔ ዊጀሪን ሰምቶ ተስፋ ቆርጦ ሊጥለው ይችል ነበር።

ወደ አክስትሽ ስመጣ፣ አዝንላታለሁ ግን ገጹን እንዳትሰጫት። አንደኛ ከገጹ ጀርባ የሌላ ሰው ቃል አለ፣ አብሮ ነው ሚሄደው። ሁለተኛ አንድ ገጽ የተቀደደበት ደብተር ቀሪው ሁሉ ይጠረጠራል፣ ሌላስ ምን ወጣለት ይባላል፣ የአባትሽ የዓመታት ድካም በአንድ ቅዳጅ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። ለአክስትሽ ምትሰጫት ሌላ ነገር አለ፣ ማሸግ። ስታስረክቢ ይሄ ደብተር እሷ በህይወት እስካለች፣ ከዛም በኋላ ይሄን ያህል ዓመት አይከፈትም ብለሽ በጽሑፍ ማስገባት ትችያለሽ፣ በየአገሩ ያሉ ቤተ መዛግብት ይሄን ይቀበላሉ፣ የሰው ግላዊ ነገር ያለበት ፋይል እንግሊዝ አገር እስከ መቶ ዓመት ሚዘጋበት ጊዜ አለ። ይሄን ንገሪያት፣ ምናልባት ትረጋጋለች፣ ባትረጋጋም ግን አትቅደጂ።

የወንድምሽ ልጅ ልቡ ጥሩ ነው መሰለኝ፣ ግን እነዛ ሰዎች የነገሩት ለአባትሽ ነው፣ ቤታቸው አስገብተው፣ ቡና አፍልተው፣ ለአስር ሺህ ሰው ቻናል አልነገሩም። ተዘረፍኩ ያለችው ሴት ሃይማኖቷ፣ ፖለቲካዋ፣ የደረሰባት ነገር ሁሉ እዛ አለ፣ ሃይማኖቷና ፖለቲካዋ ደሞ በ2016 በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ልዩ ጥንቃቄ ሚደረግለት መረጃ ነው። በሌላ በኩል ዘረፈ ተብሎ ስሙ የተጻፈው ሰውም አለ፣ አባትሽ የሰማውን መዘገበ እንጂ ፍርድ ቤት አላቆመም፣ ያ ሰው ሞቶ ልጁ ዛሬ መርካቶ ሱቅ ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ስክሪንሾቱ አንዴ ከወጣ ማንም አይመልሰውም።

አሁን ደሞ ሚያስፈራውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አሽጌ እሰጣለሁ ብለሽ በባዶ ተስፋ እንዳትሄጂ። አሜሪካ ያለው ቦስተን ኮሌጅ ከ2001 እስከ 2006 የአይአርኤንና የዩቪኤፍን (አንዱ የአንድ አየርላንድ ባዮቹ፣ ሌላው ከብሪታንያ አንለይም ባዮቹ ታጣቂ ቡድን ነው) የድሮ ታጣቂዎች ድምጽ አስቀረጸ፣ እስክትሞቱ አይወጣም ተብለው ነበር የተናገሩት። በ2011 የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ በአንድ የድሮ ግድያ ምርመራ የተነሳ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል ካሴቶቹን ጠየቀ፣ ኮሌጁ ተከራከረ፣ የተወሰነውን ግን ሰጠ። በ2014 የአንድ አየርላንድ ባዮቹ ፓርቲ መሪ የነበረው ጄሪ አዳምስ ታስሮ ለቀናት ተመረመረና ክስ ሳይመሰረትበት ተፈታ፣ ኮሌጁም የፈለገ ቅጂውን ይውሰድ አለ። በኋላ በ2019 አንድ ሰው ላይ በቀረበ ጉዳይ ዳኛው ቅጂዎቹን በማስረጃነት አልቀበልም አለ፣ ግን ያኔ የተናገረው ሰው ሁሉ እምነቱን አጥቶ ነበር። እኔ ከዚ ምወስደው ግልጽ ነው፣ ተቀባዩ ተቋም ከፍርድ ቤት ትዕዛዝ በላይ ቃል ልግባልሽ ካለሽ አትመኚው፣ እስከምን ድረስ እንደሚችል በወረቀት ይጻፍልሽ። ለዚ ነው የወንድምሽን ፍርሃት ቀልድ ነው ያላልኩት።

የምታረጊው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጆንያውን ሳትበታትኚ፣ ተጠቅልሎ እንዳለ ከላይ ወደ ታች በሞባይል ፎቶ አንሺው፣ አባትሽ ያስቀመጠበት ቅደም ተከተል ራሱ ነገር ይናገራል፣ በዓመት ላስተካክል፣ በሙስሊምና በክርስቲያን ልለይ እንዳትዪ። በተለይ ይሄን ሁለተኛውን! የአባትሽ ደብተር ዋጋው እዛው አንድ ገጽ ላይ የሁለቱም መኖሩ ነው፣ ከለየሽው ሁለት ወገን ለየብቻ ሚያለቅስበት ክምር ነው ሚሆነው። ቤልፋስት ያለው ሊነን ሆል ላይብረሪ በ1968 የላይብረሪው ኃላፊ መጠጥ ቤት ውስጥ የተሰጠውን አንድ የሲቪል መብት በራሪ ወረቀት ሳይጥል አስቀምጦ የጀመረው ስብስብ ዛሬ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ነገር ይዟል፣ ከካቶሊኩም ከፕሮቴስታንቱም ከታጣቂውም፣ ያም ወገን ይሄም ወገን ሄዶ ሚያነበው ለዚ ነው፣ የማንም ስላልሆነ። አባትሽም ሰላም እየተነፈገ ያረገው ይሄንኑ ነው።

ከዛ ለያንዳንዱ ደብተር በእርሳስ ቁጥር ስጪና ዝርዝር ጻፊ፣ አጭር፣ ደብተር 1፣ ሰማያዊ ሽፋን፣ ከዚ ወር እስከዚ ወር፣ ብቻ። በእስክርቢቶ አይሆንም። ዝርዝሩ ላይ የተጠቂ ስም አታስገቢ፣ ዝርዝር ከእጅ እጅ ይዞራል። ካሴቶቹን እንስማ ብላችሁ አሮጌ ቴፕ ውስጥ አትክተቱ፣ ቴፑ ክሩን ሊበላው ይችላል፣ ወደ ዲጂታል ሚቀይር ባለሙያ እስኪገኝ ቆመው ይቀመጡ፣ ከስፒከርና ከሙቀት ራቅ ብለው።

ከወንድምሽ ጋር ሳትስማሚ ግን የትም አትውሰጂው። የአባታችሁ ውርስ ነው፣ ወራሾች ሁላችሁም ካልፈረማችሁ ተቀባዩም ነገ ችግር ውስጥ ይገባል። ሌላው ሰው ማይነግርሽ ነገር፣ ለአባትሽ የተጻፉት ደብዳቤዎች ወረቀታቸው የናንተ ቢሆንም ጽሑፉ የጻፈው ሰው ንብረት ነው፣ በቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 መብቱ ጸሐፊው ከሞተ በኋላም ሃምሳ ዓመት ይቆያል፣ ስለዚ ይነበብ ማለትና ይታተም ማለት ለየብቻ ይጻፍ።

የት ለሚለው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የግለሰብንም መዝገብ እንዲሰበስብ ሥልጣን የተሰጠው የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ አለ፣ እዚሁ ደሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ። እኔ ብሆን ዋናውን አዲስ አበባ፣ ስካን የተደረገ ቅጂውን ጅማ አርግ ነበር፣ የሰፈሩ ታሪክ ከሰፈሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱ ስለሚከነክነኝ፣ ግን ይሄ የኔ ስሜት ነው። ሁሉም ጋ መጀመሪያ ባዶ እጅሽን ሂጂ፣ ዝርዝሩን ብቻ ይዘሽ፣ የስጦታ ውላችሁን አሳዩኝ በይ፣ ማን ያነበዋል፣ ማሸግ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ፍርድ ቤት ቢጠይቅ ታሳውቁናላችሁ ወይ በይ። እዛው ደረሰኝ እንሰጥሻለን አምጪው ብቻ ካለሽ ሰው ተነስተሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው ቤቴ። በ1966 ተማሪ እያለሁ የነበሩ በራሪ ወረቀቶች አሉኝ፣ ሚያዝያ 12 የሙስሊሞች የእኩልነት ሰልፍ አዲስ አበባ ሲደረግ ወዲህ የመጣ ጭምር። በስቴንስል የተባዙ ናቸው። የዚ ከተማ ዝናብ አሻገታቸው፣ ጠርዛቸውንም ምስጥ ጀምሮታል። ልጄ ላሚኔት ላስደርግልህ ይላል። ይሻላል ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎትን ያመስግኑልን ግን ላሚኔት አያስደርጉ። ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳዋል፣ ፕላስቲኩ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም፣ ውስጡ የቀረችው እርጥበትም ታፍና ትበላዋለች። ስኮች ፕላስተርም እንደዛው፣ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይዞ ነው ሚወጣው። ያ ሰልፍ እኮ እርስዎ እንደሚያውቁት ክርስቲያኑም አብሮ የወጣበት፣ በመቶ ሺህ ሚገመት ሰው ሃይማኖት ሳይለይ እኩል ዜጋ እንሁን ያለበት ነው፣ ወረቀቱ የተረፈው ሰው ደሞ ብዙ አይደለም፣ ስለዚ ትንሽ ድካም ይገባዋል።

የሻገቱትን ከደህናዎቹ ዛሬውኑ ይለዩ። ጸሐይ ላይ አያስጡ፣ ጥላ ውስጥ አየር በሚያገኝ ጠረጴዛ ላይ ነጠላ ነጠላውን ያድርቁ፣ ቬንትሌተር ካለ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን ወደ ግድግዳ አዙረው ይክፈቱ። ሲደርቅ አፍዎንና አፍንጫዎን በማስክ ሸፍነው ውጪ በለስላሳ ብሩሽ ሻጋታውን በቀስታ ያራግፉ፣ ቤት ውስጥ ካራገፉት ብናኙ ቀሪውን ወረቀት ይይዛል፣ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። የዛገ ስፒል ወይ ክሊፕ ካለ ሳይጎትቱ ቀስ ብለው ያውጡ። ለምስጡ ብለው ፍሊት ወረቀቱ ላይ እንዳይነፉ፣ መድኃኒቱ ለሳጥኑ አካባቢና ለቤቱ መሰረት ነው። ከዛ በንጹህ ነጭ ወረቀት እየለዩ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አስተኝተው ያስቀምጡ፣ ካርቶኑ ከወለል ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ በዚ ከተማ ክረምት ግድግዳው ራሱ ያልባል። ፍሬሽ የጫማ ካርቶን ውስጥ ያሉ ትንንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አሉ አይደል፣ እነሱን አይጣሉ፣ ጥግ ላይ ያስገቡ፣ ሲረጥቡ ይቀይሩ።

ልጅዎት መርዳት ከፈለገ ላሚኔቱን ትቶ ስካን ያርግ፣ በ400 ዲፒአይ ጥራት፣ ባለ ቀለም፣ ጀርባውንም ጨምሮ፣ አንዱን ቅጂ ቤት አንዱን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። እና እርስዎ ደሞ ለያንዳንዱ በራሪ በተለየ ወረቀት ላይ ይጻፉለት፣ ማን ሰጠዎት፣ የት ሰፈር፣ ስንት ሰው አየው፣ ሲያባዙት ማሽኑ የት ነበር። ይሄን ከርስዎ ሌላ ሚያውቅ የለም።